ነፋስን ሥራ ያስያዙት መካኒክ

በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከሉካማ ወጣ ባለ የገጠር መንገድ ላይ ማታ መኪና የሚነዳ ሰው ለብዙ ደቂቃ ከጨለማና ከማሳ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም። መስቀለኛው መንገድ ጋ ሲደርስ ግን የመኪናው መብራት ወደ አንድ ሜዳ ይዞራል። ያኔ ሜዳው በሙሉ በአንዴ ቦግ ይላል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ነጭ ነጥቦች ከመሬት እስከ ዛፎቹ ጫፍ ድረስ ይበራሉ። ነጥቦቹ ዝም ብለው አይቆሙም፤ ይሾራሉ፣ ይወዛወዛሉ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። መስኮቱን ዝቅ ያደረገ ደግሞ ድምፁን ይሰማል፦ የላሜራ ኳኳታ፣ የብረት ሲጥሲጥታ፣ የነፋሱ ፉጨት።

የአካባቢው ወጣቶች ለዚህ ሜዳ ታሪክ ፈጠሩለት። አንዲት ልጅ አደንዛዥ ዕፅ ወስዳ ስትነዳ እዚያው መታጠፊያ ላይ ተጋጭታ ሞተች፤ ልቡ የተሰበረ አባቷም ከመሞቷ በፊት ያየችውን ቅዠት በብረት ሠርቶ ሜዳው ላይ ተከለው ተባለ። ሜዳውንም በዕፁ ስም «አሲድ ፓርክ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ማታ መኪና ሞልቶ ወደዚያ መሄድ የዊልሰን አውራጃ ጎረምሶች ልማድ ሆነ። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ እንዲያ ሆና የሞተች ልጅ የለችም። የነበረው ስድሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ ያልቻሉ አንድ የማሽን ጠጋኝ ናቸው። ለእኔ እውነቱ ከተረቱ ይበልጥብኛል። ተረቱ ለእነዚያ ብረቶች ምክንያት የሚሆን አንድ ትልቅ ሐዘን ይፈልጋል። ሰውዬው ግን ዕድሜ ልክ ካካበቱት የእጅ ሙያና ከነፋሱ ሌላ ምክንያት አላስፈለጋቸውም።

ቮሊስ ሲምፕሰን ይባላሉ። በጥር 1919 እዚያው ሉካማ አካባቢ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ሥዕልም ሆነ ቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም። ዛሬ የአሜሪካ ሙዚየሞች ሥራዎቻቸውን በክብር ሲያቆሙ፣ ግዛታቸውም በሕግ ስማቸውን ሲጠራ፣ እርሳቸው ግን አርቲስት ነኝ ሳይሉ ነው ያረፉት።

ቀን ወደ ሜዳው የሄደ ሰው የሚያየው ሌላ ነበር። ከጥገና ሱቃቸው ማዶ፣ ኩሬ ዳር ባለው የግጦሽ መሬት ላይ የብረት ዓምዶች ቆመዋል። ትልልቆቹ 15 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ የአራት ወይም የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ጫፋቸው ላይ አውሮፕላን አለ፣ ጋሪ የሚጎትቱ በቅሎዎች አሉ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው፣ እንጨት በመጋዝ የሚቆርጥ ሰው፣ ጊታር የሚመታ ሰው አለ። በእነዚህ ዙሪያ ደግሞ የእጅ መዳፍ ከሚያክሉት ጀምሮ የትራክተር ጎማ እስከሚያክሉት ድረስ መዘውሮች ተደርድረዋል። ቀረብ ብሎ ላያቸው ሁሉም ቀድሞ ሌላ ሥራ የነበራቸው ዕቃዎች ናቸው፦ የጣሪያ ቬንትሌተር፣ የብስክሌት ቸርኬ፣ የምድጃ ጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሮለር፣ የመስታወት ቁራጭ፣ የመንገድ ምልክት ላሜራ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ከበርሜል ምድጃ ሲወጣ ያየ ሰው እነዚህን እጆች ለማወቅ አይቸገርም።

የሌሊቱ ብርሃን ምስጢርም እዚያው የመንገድ ምልክት ላሜራ ላይ ነው። የዚህ ላሜራ ፊት በዓይን በማይለዩ የመስታወት ጠጠሮች የተሸፈነ ነው። ጠጠሮቹ የተቀበሉትን ብርሃን እንደ ተራ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ አይበትኑትም፤ ወደ መጣበት ይመልሱታል። ሾፌሩ የራሱ መኪና መብራት አጠገብ ስለተቀመጠ ብርሃኑ ተመልሶ ዓይኑ ላይ ያርፋል፤ ጎን ላይ በእግሩ የቆመ ሰው ግን እምብዛም አያየውም። ሲምፕሰን ይህን ላሜራ በትናንሹ እየቆረጡ በየክንፉና በየመዘውሩ ላይ በቡሎን አሠሩት። አንድ ትልቅ ማሽን ላይ በመቶ የሚቆጠር ቁራጭ ይገኛል። ሥራው ሲጠነሰስ ጀምሮ መስቀለኛው መንገድና ማታ የሚያልፈው መኪና ታስበውበታል ማለት ነው። የአደባባይ ጥበብ ሲባል ብዙ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ያዘዘው ሐውልት ነው የሚታሰበን። ይህ ግን ማንም ሳያዝዘው፣ አላፊ አግዳሚውን ከመነሻው በልቡ ይዞ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያውን የነፋስ ማሽን የሠሩት ወታደር ሳሉ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር አየር ኃይል ባልደረባ ሆነው ሳይፓን ደሴት ላይ ተመድበዋል። ደሴቷ በ1944 ከጃፓን እጅ ወጥታ ጃፓንን የሚደበድቡት ቢ-29 አውሮፕላኖች መነሻ ሆነች። ውቅያኖስ መሐል ናትና ነፋስ አያጣትም። የወታደሩ ልብስ ግን በእጅ መታጠብ ነበረበት። ሲምፕሰን ከአገልግሎት ውጭ ከሆነ ቢ-29 ላይ የሚጠቅማቸውን ፈተው የነፋስ ወፍጮ ሠሩና ከአንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ጋር አያያዙት። ከተማ ለማቃጠል ከተሠራ አውሮፕላን የተረፈው ብረት የወታደር ካልሲ አጠበ። ያኔ ይህን ጥበብ ያለው አልነበረም፤ ችግር ተፈታ፣ በቃ።

ከጦርነቱ ሲመለሱ የማሽን ጥገና ሱቅ ከፈቱ። የገበሬውን መሣሪያ መበየድና መቀጠል፣ የተሰበረውን መልሶ ማስነሳት የዕለት ሥራቸው ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ የሆነ ሙያ ያዙ፦ ቤት ማጓጓዝ። ዕቃ አይደለም፣ ቤቱን ራሱን ነው። በአሜሪካ ገጠር ብዙው ቤት ከእንጨት የተሠራ ነው። ባለቤቱ መሬቱን ሲሸጥ ወይም መንገድ ሲወጣበት ቤቱን ከማፍረስ አስነስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሠራተኞቹ ከመሠረቱ ሥር ገብተው በክሪክ ቀስ እያሉ ከፍ ያደርጉታል፤ ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች ከሥሩ ያስገባሉ፤ ከተሸካሚዎቹ በታች ጎማ ይገጥማሉ፤ ከዚያ ከነጣሪያው፣ ከነመስኮቱ፣ አንዳንዴም ከነጭስ ማውጫው ይጎተታል። ሲምፕሰን ለዚህ የሚሆኑትን መኪናዎችና ማንሻዎች በራሳቸው እጅ ነበር የሚሠሩት።

ይህን ሙያ በሰፊው የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሲምፕሰን ሲወራ ብዙ ጊዜ «ምንም ሳይማሩ» የሚል አድናቆት ይሰማል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቤት የሚያነሣ ሰው የሸክሙ መሐል የት እንደሆነ በዓይኑ መለየት አለበት፤ አንዱ ጥግ በጣት ስፋት ቀድሞ ከተነሣ ግድግዳው ይሰነጠቃል፣ መስታወቱ ይረግፋል። ቶኖች የሚመዝን ነገር በአንድ ነጥብ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ እንዲቆም ማድረግ ምን እንደሚጠይቅ አሥርተ ዓመታት ሙሉ ተምረውታል። ሰርተፊኬት ያልተሰጠበት ነው እንጂ፣ ይህ ለነፋስ ማሽን ቀራጭ ከየትኛውም የኪነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚበልጥ ትምህርት ነበር።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ሁለተኛውን የነፋስ ወፍጮ ሠሩ፤ ይኸኛው ቤታቸውን ለማሞቅ ነበር። ከዚያ በ1980ዎቹ ጡረታ የመውጫቸው ጊዜ ደረሰ። ሱቁ ውስጥና ሱቁ ዙሪያ ዕድሜ ልክ የተጠራቀመ ብረት አለ፤ ቤት መሸከሚያው ብረት፣ የሞተሩ ቁራጭ፣ ኩሽኔታው። ሌላው ቢሆን ለቁራሌው በኪሎ ይሸጠውና ያርፍ ነበር። እርሳቸው ግን ፊት ለፊታቸው ባለው ሜዳ ላይ አንድ ምሰሶ ተከሉ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። እንዲህ እያሉ ከሃያ ዓመት በላይ ሄዱ።

የሠሩትን ለመረዳት ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል። ዓምዱ መሬት ውስጥ ተቀብሯል፣ አይንቀሳቀስም። ከላይ ያለው ዕቃ በሙሉ ግን ዓምዱ ጫፍ ላይ በኩሽኔታ ተቀምጦ ወደፈለገው አቅጣጫ ይዞራል። ወደ ኋላ ሰፊ የላሜራ ጭራ አለው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ጭራውን ይገፋዋል፤ ፊቱም ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ እንደዞረ ይቆያል። ፊት ላይ ያሉት መዘውሮች ክንፋቸው በመጠኑ ዘመም ብሎ የተበየደ ስለሆነ ነፋሱ ሲያልፍ ወደ ጎን ይገፋቸዋል፤ መሾር ይጀምራሉ። ክንፉ ብዙ ከዘመመ በትንሽ ነፋስ ይነሣል፤ ፍጥነቱ ግን ይገደባል። ትንሽ ከዘመመ ለመነሣት ይለግማል፤ ከተነሣ ወዲያ ይከንፋል። ሲምፕሰን አንድ ማሽን ላይ ሁለቱንም ዓይነት እያደባለቁ ይገጥማሉ፤ ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ቀን እንኳ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ሌሎቹ ተራ በተራ ይቀላቀላሉ።

መጋዝ የሚስበው ሰው ደግሞ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ መዞር ወደ መመላለስ መለወጥ አለበት። መዘውሩ የሚያዞረው ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ይደረጋል፤ እዚያ ጉብጠት ላይ ቀጭን ብረት ይታሰራል፤ የብረቱ ሌላ ጫፍ ከሰውዬው ክንድ ጋር ይያያዛል። ዘንጉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ክንዱ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይመለሳል። የመኪና ሞተር ውስጥ ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘው ያው አሠራር ነው፣ ኃይሉ በተቃራኒው ይሂድ እንጂ። ሲምፕሰን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ናቸውና ለላሜራ ሰው ክንድ መስጠት አልከበዳቸውም። ብስክሌተኛው ፔዳል ሲረግጥ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የበቅሎዎቹ እግር ይራመዳል፤ የጋሪው ጎማ ይዞራል። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው ያው አንዱ ነፋስ ነው።

ነፋስን ለሥራ ያሠማራ ሰው የሚፈራውም ነፋስን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አንድን ላሜራ የሚገፋበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ መዘውሩ ከነፋሱ ሊያገኝ የሚችለው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ጠዋት እንደ መጫወቻ ቀስ ብሎ ሲዞር የነበረ ክንፍ ማዕበል ሲመጣ ከቡሎኑ ተነቅሎ የሚበር ብረት ነው። የሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ከአትላንቲክ የሚነሡ አውሎ ነፋሶች መተላለፊያ ነው። የሲምፕሰን መልስ ቀላል ነበር፤ የቤት ክብደት ለመሸከም የተሠራውን ወፍራም ብረት ለዓምድነት ተጠቀሙበት፤ የተሰበረውን አውርደው በየዱት፤ የደረቀውን ግራሶ ቀቡት። ሰባዎቹን ካለፉም በኋላ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ጥገናው ለእርሳቸው ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጣ ጣጣ አልነበረም፤ የሥራው ግማሽ ነበር።

ዝናው ቀስ እያለ ከአውራጃው ወጣ። በ1995 ባልቲሞር ከተማ ውስጥ በራሳቸው ተምረው የሠሩ ሰዎችን ሥራ የሚሰበስበው የአሜሪካ ቪዥነሪ አርት ሙዚየም ሲከፈት ግቢው ላይ የቆመው ትልቅ ሥራ የሲምፕሰን ነበር። 17 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝነው ይህ ማሽን ስያሜውን ያገኘው ከአሜሪካ የነፃነት ዐዋጅ ነው፦ «ሕይወት፣ ነፃነትና ደስታን መሻት»። በዓመቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ መጣ። እኛ ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው በኃይሌ ገብረ ሥላሴ 10 ሺህ ሜትርና በፋጡማ ሮባ ማራቶን ነው። ፋጡማ በአትላንታ ጎዳናዎች ስትሮጥ በነበረበት በዚያ ክረምት የሲምፕሰን አራት የነፋስ ወፍጮዎችም በከተማዋ መሐል ይሾሩ ነበር። በ2002 ደግሞ በግዛታቸው ዋና ከተማ በራሌ የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና የኪነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ሥራቸውን መናፈሻው ላይ ተከለ።

በነፋስ የሚንቀሳቀስ ቅርጻ ቅርጽ የሠሩት እርሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ አንባቢ ያውቃል። ከሁሉ የሚጠቀሰው ጆርጅ ሪኪ ነው፤ የሁለቱን ሕይወት ጎን ለጎን ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሪኪ በ1907 በኢንዲያና ተወለደ። አያቱ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ አባቱ የሲንጀር ስፌት መኪና ኩባንያ መሐንዲስ ሆነው ቤተሰቡን ወደ ስኮትላንድ ወሰዱት። ልጁ ኦክስፎርድ ታሪክ ተማረ፣ ፓሪስ ሥዕል ተማረ። በጦርነቱ ጊዜ እርሱም እንደ ሲምፕሰን የጦር አየር ኃይሉ ውስጥ ገባ፤ ከአውሮፕላን መድፍ ማነጣጠሪያ መሣሪያዎች ጋር ሲሠራ ነው የልጅነቱ የማሽን ፍቅር የተቀሰቀሰበት። ከዚያ በኋላ የሠራቸው ሥራዎች የሲምፕሰን ተቃራኒ ናቸው። ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያለው የ1964 ሥራው ሁለት ቀጫጭን የብረት ጦሮች ብቻ ነው፤ ከታች በእርሳስ ክብደት ሚዛናቸው ተጠብቋል፤ ነፋስ ሲነካቸው ሳይጋጩ፣ ያለ ድምፅ፣ በጣም በዝግታ ያዘነብላሉ። ሪኪ ቅርጹን ቀንሶ ቀንሶ እንቅስቃሴውን ብቻ ማስቀረት ነበር የፈለገው። ሲምፕሰን ምንም አልቀነሱም፤ ጨመሩ እንጂ። ሆላንዳዊው ቴዎ ያንሰን ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ከኤሌክትሪክ ሽቦ መክተቻ የፕላስቲክ ቱቦ እንስሳ የሚመስሉ ግዙፍ ማሽኖች እየሠራ በሰሜን ባሕር ዳርቻ በነፋስ ያስኬዳቸዋል። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ከነፋሱ ጋር ያላቸው ስምምነት ነው፤ ተመልካቹ የሚያየውን ነገር የመጨረሻ መልክ ለነፋሱ ትተውለታል።

ሲምፕሰን ሰማንያዎቹን ሲያጋምሱ ሜዳው መታመም ጀመረ። ወደ ላይ የሚወጣ፣ ግራሶ የሚቀባ ሌላ ሰው አልነበረም። ኩሽኔታ ሲደርቅ መዘውሩ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ከዚያ ይንገታገታል፣ በመጨረሻ ይቆማል።  ቀለሙ በፀሐይ ነጣ፤ ላሜራው ዛገ፤ አንጸባራቂው ብርሃን መመለሱን ተወ። የሚንቀሳቀስ ጥበብ ከድንጋይ ሐውልት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ድንጋይ ችላ ቢሉት ለመቶ ዓመት ሐውልት ሆኖ ይቆያል። የነፋስ ማሽን ችላ ከተባለ በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደ መጀመሪያው ተመልሶ ውዳቂ ብረት ይሆናል።

በዚህ መሐል ከሜዳው ብዙም የማትርቀው የዊልሰን ከተማ የራሷ ችግር ነበረባት። ዊልሰን በትንባሆ የቆመች ከተማ ናት፤ በዘመኗ ራሷን የዓለም ታላቁ የትንባሆ ገበያ ብላ ትጠራ ነበር። ትንባሆ በሚሸጥበት ወራት ገበሬው ቅጠሉን ጭኖ ወደ ግዙፎቹ መጋዘኖች ይመጣል፤ አጫራቹ በረድፍ መሐል እየሄደ በዜማ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢዎች በጣት ምልክት ይገዛሉ። ከ2000 ወዲህ የሲጋራ ኩባንያዎች በቀጥታ ከገበሬው ጋር ውል ማሰር ሲጀምሩ ጨረታው ተዳከመ፤ በ2004 የፌዴራል መንግሥቱ የኮታ ሥርዓትም ቀረ። መጋዘኖቹ ባዶ ቀሩ፣ የመሐል ከተማው ሱቆች ተዘጉ። ትንሽ ከተማ እንዲህ ስትሆን አብዛኛውን ጊዜ የምትመኘው አንድ ፋብሪካ መጥቶ እንዲያድናት ነው። ዊልሰን ደጇ ላይ የነበረውን አየች።

በ2010 የሲምፕሰንን ማሽኖች ከሜዳው አንሥቶ፣ አድሶ፣ መሐል ከተማ በሚገኝ አዲስ መናፈሻ ውስጥ የመትከል ሥራ ተጀመረ። ሰውዬው ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ተስማሙ። ከፌዴራል መንግሥቱ የኪነ ጥበብ ድጋፍና ከሌሎች ለጋሾች ገንዘብ ተገኘ። ከተማው ውስጥ ያለ ሰፊ ቤት ወደ ጥገና ማዕከልነት ተለወጠ። ማሽኖቹ በክሬን እየወረዱ እዚያ ገቡ፤ ክፍሎቻቸው ከመፈታታቸው በፊት ፎቶ ተነሡ፤ ዝገቱ ተጠረገ፤ ኩሽኔታው ተቀየረ፤ ቀለሙ ከመጀመሪያው ጋር ተመሳክሮ ተቀባ።

እዚህ ላይ የቅርስ ጠባቂዎችን የሚያስጨንቀው ጥያቄ ተነሣ። በሙዚየም ሕግ ደንቡ የአርቲስቱ እጅ የነካውን በተቻለ መጠን አለመንካት ነው። የፈዘዘ ቀለም የዕድሜ ምልክት ነው፣ ይተዋል። የተሰበረ ቁራጭ በጥንቃቄ ይጠበቃል። በዚህ ደንብ ከሄድን ግን የሲምፕሰን ማሽን አይዞርም፤ ደረቅ ኩሽኔታ የአርቲስቱ ስለሆነ ብቻ አይሾርም። የማይዞር ከሆነ ደግሞ የተጠበቀው ሥራ የትኛው ነው? አዳሾቹ የመረጡት እንዲዞር ነው። አሮጌው አንጸባራቂ በአዲስ ተተካ፤ ያረጀው ኩሽኔታ ወጣ፤ ቀለሙ እንደ አዲስ ደመቀ። እኔ ልክ ነበሩ እላለሁ። ሲምፕሰን ራሳቸው የተሰበረውን ሁሉ በተገኘው ሲተኩ የኖሩ ናቸው፤ አንድም ቀን ይህ ቡሎን ቅርስ ነውና አይነካ አላሉም። ለሥራው ታማኝ መሆን ማለት የሠሪውን ልማድ መቀጠል ከሆነ፣ መፍቻ ይዞ መውጣት ነው ታማኝነቱ። ደግነቱ ደግሞ ሥራው የተጀመረው እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ነበር፤ የትኛው ክንፍ ምን ቀለም እንደነበረው፣ የቱ ክፍል ለምን እንደገባ ባለቤቱን መጠየቅ ይቻል ነበር። ስንት የቅርስ ሠሪ ነው ጠያቂ ሳያገኝ ዕውቀቱን ይዞ የተቀበረው!

ሲምፕሰን የመናፈሻውን ምረቃ አላዩም። በግንቦት 2013 መጨረሻ፣ በዘጠና አራት ዓመታቸው፣ ቤታቸው ውስጥ አረፉ። በዚያው ዓመት የሰሜን ካሮላይና ሕግ አውጪዎች በቮሊስ ሲምፕሰን የተሠሩት የነፋስ ማሽኖች የግዛቲቱ ይፋዊ የሕዝብ ጥበብ እንዲሆኑ ደነገጉ። አሜሪካ ውስጥ ግዛቶች ይፋዊ ወፍ፣ ይፋዊ አበባ፣ ይፋዊ ዛፍ አላቸው። እዚህ ግን አንድ የማሽን ጠጋኝ በግጦሽ መሬት ላይ የተከላቸው ብረቶች ከነስማቸው ሕግ ውስጥ ገቡ።

መናፈሻው በኅዳር 2017 በይፋ ተከፈተ። ስፋቱ 0.8 ሄክታር ያህል ነው፤ 30 ያህል ማሽኖች እንዲይዝ ሆኖ ተሠራ። የትንባሆ መጋዘኖች በነበሩበት ሰፈር፣ የጡብ ሕንፃዎች መሐል ስለሆነ ማሽኖቹ ከገጠሩ ሜዳ ይልቅ ግዙፍ ሆነው ይታያሉ። ሳሩ ላይ ቤተሰብ ይቀመጣል፣ የሙዚቃ ዝግጅት ይካሄዳል፣ ገበሬዎች ምርታቸውን ያመጣሉ። ዙሪያውን ባዶ የነበሩ ሕንፃዎች ወደ መኖሪያና ወደ ንግድ ቤት ተለውጠዋል። ይህ ሁሉ የመጣው በማሽኖቹ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ለዓመታት የደከሙ የከተማው ሰዎች፣ ገንዘብ ያወጡ ድርጅቶች፣ ሕንፃ ያደሱ ባለሀብቶች አሉበት። ይሁንና ሰው እንዲመጣ፣ መጥቶም ቀና ብሎ እንዲያይ ያደረገው ማሽኖቹ ናቸው።

ከተሞች ሐውልት ሲያቆሙ የምረቃውን ቀን ያስባሉ፤ የምረቃው ማግስት ባጀት ግን ብዙ ጊዜ የለም። በነፋስ የሚሠራ ጥበብ ለእንዲህ ያለ ከተማ አይሆንም። ዊልሰን መናፈሻውን ስትረከብ የሚመጣውን ወጪም አብራ ተረክባለች፦ በየጊዜው ክሬን ማቆም፣ ኩሽኔታ መፈተሽ፣ አውሎ ነፋስ ሲተነበይ የላላውን ማጥበቅ፣ ፀሐይ ያነጣውን ቀለም ደግሞ መቀባት። እድሳቱ ሲጀመር ከመፈታታቸው በፊት የተነሡት ፎቶዎች ለዚሁ ሥራ ያገለግላሉ፤ ነገ ዓምዱ ላይ የሚወጣው ባለ መፍቻ ሲምፕሰንን መጠየቅ አይችልምና የሚያየው እነርሱን ነው።